የግል ትዝታ፣ የጋራ ዜማ

ፊልም ከታየ ከዓመታት በኋላ በተመልካቹ ዘንድ የሚቀረው ነገር ትንሽ ነው። ታሪኩ ይደበዝዛል፤ የተዋናዮቹ ስም ይምታታል፤ አራት አምስት ድምፆች የተገጣጠሙባት አጭር ዜማ ግን ሳትጠራ ትመጣለች። ተራው አድማጭ ያንጎራጉራትና ያልፋል። ሙዚቀኛው ግን አያልፋትም። ዜማዋ ቀላል በመሆኗ «እኔስ ብሆን እንዴት እጫወታት ነበር?» የሚል ጥያቄ ታስነሣበታለች። አቀናባሪዎችን ለሥራ የሚያነሣሣው ብዙውን ጊዜ ይህ ጥያቄ ነው፤ የተወሳሰበውና ያለቀለት ሥራ አድናቆትን ያተርፋል፣ ቀላሉ ደግሞ ተከታይ ያፈራል።

ለዚህ አባባል ከኢትዮጵያ ሙዚቃ የሚቀርበው ምስክር የሙላቱ አስታጥቄ «የከርሞ ሰው» እና «የግሌ ትዝታ» የተሰኙት ሥራዎች ናቸው። ሁለቱም በአዲስ አበባ የተቀረጹ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተው በአንድ አሜሪካዊ ፊልም ውስጥ ዳግም የተወለዱ፣ ከዚያም በራፕ አቀንቃኞች፣ በሮክ ቡድኖችና በጃዝ ኦርኬስትራዎች እጅ የገቡ ዜማዎች ናቸው። (ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ በሲያትል ደቡብ ምሥራቅ፣ በኮሎምቢያ ሲቲና በአካባቢው ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ሩቅ አይደለም። ኮሎምቢያ ሲቲ በ1893 ራሷን የቻለች ከተማ ሆና የተመሠረተችና በ1907 ወደ ሲያትል የተጠቃለለች ሠፈር ናት። በሬኒየር አቬኑ ግራና ቀኝ በ1917 የተሠራው የኮሎምቢያ ሲቲ ቴአትር፣ እንዲሁም የሙዚቃ ደራሲው ዌይን ሆርቪትዝ ከባልደረቦቹ ጋር በ2011 የከፈተው ሮያል ሩም ይገኛሉ። ያው ጎዳና ወደ ደቡብ ሲዘልቅ የሲያትል የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ማእከል ወዳለበት ይወስዳል። የጃዝ መድረክና የሐበሻ ኑሮ በአንድ ጎዳና ላይ በሚገናኙበት በዚህ ሠፈር፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ዜማ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ መጠየቅ የቤት ጉዳይ ነው።

ዜማው ወደ ፊልሙ የሄደበት መንገድ

ሙላቱ በ1943 በጅማ ተወለደ። ቤተሰቡ ወደ ዌልስ የላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ እርሱ ግን ሙዚቃን መረጠ። በለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ከተማረ በኋላ ወደ ቦስተን ተሻግሮ በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የቫይብራፎንና የምት መሣሪያዎች ትምህርቱን ቀጠለ፤ በዚያ ተቋም የተማረ የመጀመሪያው አፍሪካዊም እርሱ እንደሆነ ይነገራል። በ1966 በኒው ዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» በሚል ርእስ ሁለት አልበሞች አወጣ። በእነዚህ አልበሞች የኢትዮጵያ ቅኝትና የካሪቢያን ምት ገና ትውውቅ ላይ ናቸው።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ከተማይቱ ለዚህ ትውውቅ የተዘጋጀች ነበረች። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች የአገር ዜማን በትንፋሽ መሣሪያዎች መጫወትን ከለመዱ ቆይተዋል። እነ ነርሲስ ናልባንዲያንም ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት ከአውሮፓ ስምምነት ጋር የማጣጣሙን ፈተና ቀድመው ጀምረውት ነበር። አምሃ እሸቴ በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ደግሞ መንግሥት በብቸኝነት ይዞት የነበረውን የሸክላ ኅትመት ለወጣቶቹ ከፈተ። ሙላቱ በሰባዎቹ መጀመሪያ ያለ ድምፃዊ፣ በመሣሪያ ብቻ የሚሰሙ ሥራዎቹን ያሳተመው በዚህ ኩባንያ ነው። የአገሬው አድማጭ ሙዚቃን በግጥሙ ይመዝን ስለነበር፣ ቃል የሌለው ሸክላ ማውጣት ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ከ1974 በኋላ የሆነው ይታወቃል። የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ አዳከመው፤ አምሃ በ1975 አገሩን ጥሎ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ሸክላዎቹም በየቤቱ ቀሩ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በቡዳ ሙዚክ አማካይነት «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ እትም ጀመረ፤ በ1998 የወጣው አራተኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የሙላቱን የ1969–1974 ሥራዎች የያዘ ነበር። ፊልም ሠሪው ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ»ን ሲሠራ፣ የሙላቱ ዜማዎች ለዓለም አድማጭ የሚገኙት በዚህ ቅጽ ነበር።

ፊልሙ በዚያው ዓመት በካን ፌስቲቫል ታላቁን የዳኞች ሽልማት አግኝቷል። ቢል መሪ የሚጫወተው ዶን የተባለ ጎልማሳ፣ የማያውቀው ልጅ እንዳለው የሚገልጽ ስም አልባ ደብዳቤ ይደርሰውና የቀድሞ ፍቅረኞቹን እየዞረ መጠየቅ ይጀምራል። ለጉዞ የሚገፋፋው ጎረቤቱ ዊንስተን ነው፤ ዊንስተን ብዙ ልጆች ያሉት፣ ከአንድ በላይ ሥራ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ሲሆን የሚጫወተውም አሜሪካዊው ጄፍሪ ራይት ነው። ዊንስተን የጉዞውን እቅድ ያወጣለታል፤ መኪና ውስጥ እየሰማ እንዲሄድም የኢትዮጵያ ሙዚቃ የተቀዳበት ሲዲ ይሰጠዋል። በመሆኑም ሙዚቃው ከፊልሙ በላይ የተነጠፈ ጌጥ አይደለም፤ በታሪኩ ውስጥ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ስጦታ ነው። ለሁለትና ለሦስት ሥራ የሚሮጥ የስደት አገር ጎረቤት ሙዚቃውን ለባለቤቱ አገር ሰው ሲያውስ ማየት፣ ለሲያትል ነዋሪ እንግዳ ትእይንት አይሆንበትም።

ቀላልነቱ ከምን ይመጣል?

ቀላል ዜማ ማለት ድሃ ዜማ ማለት አይደለም። «የከርሞ ሰው»ን ያዳመጠ ሦስት ነገሮችን ይለያል።

አንደኛው ተደጋጋሚው የባስ ሐረግ ነው። ባሱ አንዲት አጭር ሐረግ ይይዝና ከእርሷ አይላቀቅም። ይህ ለአቀናባሪው ጠንካራ ወለል ይሰጠዋል፤ ወለሉ እስካለ ድረስ በላዩ የፈለገውን ማቆም ይችላል። ፊልሙም ከዚህ ተጠቅሟል። ዶን ከአንዱ በር ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ መልስ አያገኝም፤ የባሱ ሐረግም ይዞራል እንጂ አንድ መደምደሚያ ላይ አያርፍም። ጃርሙሽ ለማያልቅ ጉዞ የማያልቅ ዜማ መርጧል።

ሁለተኛው የድምፆቹ ማነስ ነው። የኢትዮጵያ ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የቆሙ ናቸው። ከትዝታ አምስት ድምፆች ሦስተኛውና አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ጥቁር ያጠላበት፣ የሚያባባ ገጽታ ይወጣል። አምስት ድምፅ ያለው ዜማ በሥሩ የትኛው ኮርድ መሰማት እንዳለበት አያዝም፤ ብዙውን ነገር ላልተናገረው ይተወዋል። ለአቀናባሪው ይህ ነፃነትም ወጥመድም ነው። የጃዝን አሥራ ሁለት ድምፆች ያለ ቁጥብነት ካፈሰሰበት የቅኝቱ መልክ ይጠፋል፤ ፈጽሞ ካልነካው ደግሞ ቅንብር አልሠራም። ሙላቱ ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት ጥያቄ አምስቱን ሳያጠፉ አሥራ ሁለቱን ማስገባት የሚለው ነበር።

ሦስተኛው ዝምታ ነው። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ አንድ ሐረግ ይናገሩና ያርፋሉ። ያ ዕረፍት ሌላ ሰው የሚገባበት በር ነው። ሳክስፎኑ ይገባበታል፤ ጊታሩ ይገባበታል፤ በኋላ ዘመን ደግሞ የራፕ ቃል ይገባበታል። የባሕል ሙዚቃችን ይህን አደረጃጀት ያውቀዋል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ከመታ በኋላ ከታዳሚው ግጥም የሚቀበልበት ቦታ ትቶ ይጠብቃል።

ከየት የመጣ፣ ወዴት የሚሄድ

ዜማው ከአዲስ አበባ ወጥቶ ሌሎችን አነሣሣ ብሎ መናገር ግማሽ ታሪክ ነው፤ እርሱም በበኩሉ የሌሎችን ድምፅ ሰምቶ የመጣ ነውና። የ«የከርሞ ሰው» የባስ አካሄድ ብዙ የጃዝ አድማጮችን አሜሪካዊው ፒያኒስት ሆራስ ሲልቨር በ1964 የቀረጸውን «ሶንግ ፎር ማይ ፋዘር» ያስታውሳቸዋል። የሲልቨር አባት የኬፕ ቨርዴ ተወላጅ ነበር። ሲልቨርም ይህን ሥራ የጻፈው ከብራዚል ጉዞው መልስ፣ አባቱ ይጫወትለት የነበረውን የደሴቶቹን ሙዚቃ በማስታወስ ነው። የአባት ትዝታ የሆነው ያ የባስ ሐረግ በ1974 ስቲሊ ዳን በተባለው ቡድን ዝነኛ ዘፈን መግቢያ ላይም ይሰማል።

ስለዚህ ካርታው እንዲህ ይሆናል፦ ከምዕራብ አፍሪካ ደሴቶች ወደ ኒው ኢንግላንድ፣ በብራዚል በኩል ወደ ኒው ዮርክ፣ ከዚያ በአንድ ወገን ወደ አሜሪካ ሮክ፣ በሌላ ወገን ወደ አዲስ አበባ። አዲስ አበባ ላይ ግን የደረሰው ነገር ቅጂ ሆኖ አልቀረም። ወለሉ ቢመሳሰልም በላዩ የቆመው ቤት የሌላ ነው፤ ዜማው በቅኝት ይናገራል፤ ምቱም በራሱ መንገድ ይወዛወዛል። ባለሙያ ከባለሙያ የሚወስደው እንዲህ ሲሆን መውሰዱ ራሱ የፈጠራ ሥራ ይሆናል።

ርእሱም ሌላ ዝምድና አለው። «የከርሞ ሰው» የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት መጠሪያም ነው። ከሁሉ በፊት ግን የምርቃት ቃል ነው፤ በዓል ባለፈ ቁጥር «የከርሞ ሰው ይበለን» የማይል ቤት የለም። የቢል መሪን መኪና በዐይኑ የሚከተል የውጭ ተመልካች ይህን አያውቅም። እርሱ የሚሰማው እንቆቅልሽና ናፍቆት ነው፤ እኛ የምንሰማው ደግሞ ለዓመቱ በሰላም ለመድረስ የሚቀርብ ልመና ነው። ያው ዜማ ሁለቱንም መሸከም መቻሉ የብርታቱ ምልክት ነው።

ከፊልሙ በኋላ

ከፊልሙ ጋር በወጣው የሙዚቃ አልበም ውስጥ «የግሌ ትዝታ»፣ «የከርሞ ሰው» እና «ጉብልዬ» ይገኛሉ። በዚያው አልበም የመጀመሪያው የቅንብር ምላሽም አለ፤ የካምቦዲያን የስድሳዎቹ ሮክ የሚጫወተው የሎስ አንጀለሱ ደንጌ ፊቨር የተባለ ቡድን ከሙላቱ የወሰደውን ዜማ በራሱ ድምፅ አቅርቦታል። የአዲስ አበባና የፕኖም ፔን ሙዚቃ በአንድ ዘመን አብበው በአንድ ዘመን በአብዮት የተቋረጡ ናቸው፤ የሁለቱ በካሊፎርኒያ መገናኘት ብዙ ይናገራል።

ቀጥሎ የመጣው ሰፊ ነው። በ2009 ሙላቱ ከለንደኑ ሄሊዮሴንትሪክስ ጋር አንድ ሙሉ አልበም ቀረጸ። በ2010 ናስና ዴሚየን ማርሌ «አዝ ዊ ኤንተር» የተሰኘውን ዘፈናቸውን በ«የግሌ ትዝታ» ቅጂ ላይ ገነቡት፤ ሁለቱ አቀንቃኞች እየተቀባበሉ የሚገቡበት ቦታ ያ ቀደም ሲል የተነገረው ዕረፍት ነው። በረስ ገርሾን የሚመራው የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ ግን ፊልሙን አልጠበቀም። የኢትዮጵያን ዜማዎች ከፊልሙ ዓመታት አስቀድሞ ማቀናበር ጀምሮ፣ በ2004 አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተጫውቷል፤ ቅጂውም የኢትዮፒክስ ሃያኛ ቅጽ ሆኖ ወጥቷል። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ያህል ተቆጥሮ ነበር። ይህን ማስታወስ ይገባል፤ ፊልሙ በሩን በሰፊው ቢከፍትም በሩን ቀድመው ያንኳኩ ነበሩ።

የተለየ ቀላልነት

ከሙላቱ ጎን ሌላ ምሳሌ ሲቀመጥ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ ብቻ ያበረከቷቸው ሥራዎች በ2006 በኢትዮፒክስ 21ኛ ቅጽ ወጡ። እማሆይ በ2023 በኢየሩሳሌም ከማረፋቸው በፊትም ሙዚቃቸው ወደ ፊልም ገብቶ ነበር፤ በ2020 የጋረት ብራድሊ ዘጋቢ ፊልም «ታይም»፣ በ2021 ደግሞ የሬቤካ ሆል «ፓሲንግ» ተጠቅመውበታል። በ«ፓሲንግ» ውስጥ «ቤት አልባው ተቅበዝባዥ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው የፒያኖ ሥራ እየተመላለሰ ይሰማል። የነጭና ጥቁር ምስሉን፣ የሃያዎቹን ሃርለምና የሁለቱን ሴቶች ጭንቀት የእማሆይ ፒያኖ አስሮታል።

የእማሆይም ዜማ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ወለሉ አይጨበጥም። ምቱ እንደ ሰው ትንፋሽ ይረዝማል፣ ያጥራል። የራፕ አቀናባሪ ቆርጦ ሊያዞረው ቢሞክር ያስቸግረዋል፤ ኦርኬስትራም በዱላ ሊመራው አይመቸውም። የእርሳቸው ሥራ ወደ ሌሎች እጅ የገባው ከቅጂ ይልቅ በኖታ ነው፤ ፒያኒስቷ ማያ ዱኒየትዝ ሥራዎቻቸውን አሰናድታ በ2013 በመጽሐፍ እንዲታተሙ አድርጋለች። የሙላቱ ዜማ ለሌላው የቀረበው በሚዞረው ሐረጉ ነው፤ የእማሆይ ዜማ የቀረበው በጽሑፍ ተቀምጦ ጣትን ስለጠበቀ ነው። ሁለቱን ለያይቶ ማየት አንድ ነገር ያስተምራል፤ ዜማ የሚወረስበት መንገድ እንደ ባሕርይው ይለያያል፤ ያልተጻፈና ያልተቀረጸ ዜማ ግን በየትኛውም መንገድ አይወረስም።

የስም ዕዳ

እዚህ ላይ ቪየናን ማንሣት ይጠቅማል። እንግሊዛዊው ካሮል ሪድ «ሦስተኛው ሰው» የተባለውን ፊልም በ1949 ሲሠራ፣ በወይን ጠጅ ቤት ዚተር ይጫወት የነበረውን አንቶን ካራስን አገኘ። ዚተር በጭን ወይም በጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ በጣት የሚመታ ባለ ብዙ ክር መሣሪያ ነው፤ ለክራር አድማጭ ጆሮ ባዕድ አይሆንም። የፊልሙ ሙዚቃ በዚያ አንድ መሣሪያ ብቻ ተሠራ። ዜማው በ1950 በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ለ11 ሳምንታት አንደኛ ሆነ፤ የጋይ ሎምባርዶ ኦርኬስትራ ቅንብርም እንዲሁ ከፍ አለ። ካራስ ባገኘው ገቢ በፊልሙ ስም የራሱን ወይን ጠጅ ቤት ከፈተ። ዜማው ሌሎችን አነሣሣ፤ ባለቤቱም ጠገበ።

የአዲስ አበባ ሙዚቀኞች ዕጣ እንዲህ የቀለለ አልነበረም። አሳታሚው ተሰደደ፤ ኢንዱስትሪው ተዘጋ፤ በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶችን የሚጠብቅ ራሱን የቻለ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው)፣ የወጣው ሸክላዎቹ ከታተሙ ከሠላሳ ዓመታት ገደማ በኋላ ነው። አዋጁ ሥራን የማቀናበርና የመለወጥ መብት የአመንጪው መሆኑን ይደነግጋል። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ አንድ ጊዜ የታተመን ዘፈን ዳግም መጫወትና መቅረጽ የሚፈልግ ሰው የተወሰነውን ክፍያ ከፍሎ ማድረግ ይችላል፤ ቅጂውን ቆርጦ ለመጠቀም ግን የዜማውን ባለቤትም የቅጂውን ባለቤትም ማስፈቀድ አለበት።

ሕጉ የማይደርስበት ቦታም አለ። ከሸክላ ተቆርጦ የሚወሰደው ድምፅ የደራሲው ብቻ አይደለም። በሙላቱ የዚያን ዘመን ቅጂዎች ላይ የፈቃዱ አምደ መስቀል ሳክስፎን አለ፤ የባሱና የከበሮው ተጫዋቾች ጣት አለ። እነዚህ ሰዎች ለዕለቱ ሥራቸው ተከፍሏቸው ሄደዋል፤ ከዜማው የደራሲነት ድርሻ የላቸውም። የሌላ አገር ወጣት «ይህች ሐረግ ግሩም ናት» ብሎ የሚቆርጣት ግን አንዳንዴ የእነርሱን ትንፋሽ ነው። ለእነርሱ የቀረላቸው ክፍያ ስማቸው መጠራቱ ነው፤ እርሱም በብዙ ቦታ አልተከፈለም።

ሌላም ያልተፈታ ነገር አለ። ትዝታ የማንም አይደለም፤ የሁሉ ነው። ድምፃዊ ሁሉ የየራሱን ትዝታ ይጫወታል፤ ቅኝቱ የጋራ፣ አጨዋወቱ የግል ነው። ሙላቱ ሥራውን «የግሌ ትዝታ» ብሎ ሲሰይም የባሕሉን ሕግ በሁለት ቃል አስቀምጦታል፦ ከጋራው ማዕድ ያነሣሁት ይህን ነው፤ ይህች ጉርሻ የእኔ ናት። በዚህ ሕግ መሠረት ቀጣዩም መጥቶ የግሉን ሊያነሣ ይችላል። የሚጠየቀው ግን ሁለት ነገር ነው፤ ከማን እንደወሰደ እንዲናገርና የራሱን እንዲጨምርበት። ናስና ማርሌ፣ ደንጌ ፊቨርና ኢዘር ኦርኬስትራ በሁለተኛው አይታሙም። በመጀመሪያው ላይ ያለው ጉድለት የአድማጭም ጉድለት ነው።

የሚቀረው ሥራ

ስደት ላይ ላለ ትውልድ የጉዳዩ ክብደት እዚህ ላይ ነው። በሬኒየር ሸለቆ የሚያድግ የኢትዮጵያውያን ልጅ «የግሌ ትዝታ»ን መጀመሪያ ከናስ፣ «የከርሞ ሰው»ን መጀመሪያ ከፊልም ሊሰማ ይችላል፤ ከወላጆቹ ካሴት ከመስማቱ በፊት ማለት ነው። አንዳንዶች በዚህ ያዝናሉ፤ ዜማው በዞረ መንገድ፣ ባዕድ ልብስ ለብሶ ወደ ቤቱ ተመለሰ ይላሉ። ይሁንና የሙላቱ ሙዚቃ ሲጀመርም ዟሪ ነበር፤ ጅማን፣ ዌልስን፣ ለንደንን፣ ቦስተንንና ኒው ዮርክን ሳይዞር አዲስ አበባ ላይ አልተጻፈም። መዞሩ አያጎድለውም። የሚያጎድለው በየመዳረሻው ስሙ ሲራገፍ ነው።

ሲያትልም ይህን የመዞር ሕይወት የምታውቅ ከተማ ናት። ኩዊንሲ ጆንስ በዚህች ከተማ ጋርፊልድ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ገና ልጅ ሳለ ከሬይ ቻርልስ ጋር ተዋውቆ፣ በኋላም ከጃዝ አቀናባሪነት ተነሥቶ በ1964 በ«ፖንብሮከር» ወደ ፊልም ሙዚቃ ተሻግሯል። በኢትዮጵያ ፊልምም ተመሳሳይ መሻገር አለ፤ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ሙዚቃ የሠሩት ኢትዮጵያዊው የሳክስፎን ተጫዋች ጆርጋ መስፍንና ከሕንዳውያን ወላጆች የተወለደው አሜሪካዊ ፒያኒስት ቪጄይ አየር ናቸው። እዚያ ላይ ኢትዮጵያዊው ሙዚቀኛ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የተገኘ ሸክላ አይደለም፤ ፊልሙ ሲሠራ በሕይወት ቆሞ የሚሟገት የሥራ ባልደረባ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ስለዚህ በኮሎምቢያ ሲቲ መድረኮች አንድ ወጣት ቡድን የሙላቱን ዜማ ሲጫወት ከመድረኩ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም፤ የደራሲውን ስም፣ የቅኝቱን ስምና በመጀመሪያው ቅጂ ላይ የተጫወቱትን ሰዎች ስም በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ማኖር። ከወላጅ የሚጠበቀውም አያንስም። ልጁ ከፊልም የሰማውን ዜማ ሲያንጎራጉር «ይህ እኮ የእኛ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። «የከርሞ ሰው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ በዓል ሲያልፍ ለምን እንደምንለው ቁጭ ብሎ መንገር ግን ዜማውን ለቀጣዩ አቀናባሪ በእጁ መስጠት ነው።